የቫንሴን ግንብ ወህኒ ቤት ሆኖ አልተወለደም
ለአንድ የጉዞ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ፓሪስን ለመጎብኘት ለሚነሡ ሰዎች ምክር የሚሰጥ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብሁ። ስለ ሉቭር፣ ስለ ኖትር ዳም እና ስለ ቬርሳይ በጎ በጎውን ሲናገር ቆይቶ ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ወዳለው ወደ ቫንሴን ግንብ ሲደርስ ፊቱን ያጠቁራል። ጸሐፊው ስድስት ነገር ይላሉ። ግንቡ ከመጀመሪያው ለእስር ቤትነት የተሠራ፣ በ1789 በአብዮቱ ጊዜ ሕዝቡ የያዘው የፓሪሱ ወህኒ ቤት የባስቲል መንትያ ነው፤ ታላቁ ማማ ሕዝቡን የፈራ ንጉሥ መደበቂያ ነበር፤ የዙሪያውን ማማዎች አብዮተኞች አፈረሷቸው፤ ሉዊ 14ኛ ወደ ቬርሳይ ከሄደ ወዲህ በግቢው ውስጥ የረባ ነገር አልተደረገም፤ ሰላይዋ ማታ ሃሪ የተረሸነችው በግንቡ ቦይ ውስጥ ነው፤ ዛሬ የሚታየውም ታድሶ ታድሶ አዲስ የሆነ ድንጋይ ስለሆነ፣ ጎብኚ ሜትሮው መጨረሻው ሳይደርስ ቢወርድ ይሻለዋል። የመዝጊያ ቃላቸው ደግሞ «ጊዜ የቆመበት ስፍራ» የሚል ነው።

አንብቦ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ከዚያ ግንብ የሩብ ሰዓት የእግር መንገድ ርቄ ለዓመታት ኖሬአለሁ፤ ከሥራ ስመለስ የሚቀበለኝ ማማ ስሙ ሲጠፋ ይቆረቁረኛል። ቁጣዬ የጎረቤት ቁጣ መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ። ጸሐፊው ልክ የሆኑበት ቦታ ላይም ልክ ናቸው እላለሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«ለእስር ቤትነት የተሠራ» የሚለውን አስቀድመን እናንሣ። የቫንሴን ታሪክ የሚጀምረው ከአደን ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን ሉዊ 7ኛ ከፓሪስ ወጣ ብሎ በደኑ ውስጥ የአደን ማረፊያ ነበረው። ልጁ ፊሊፕ ኦገስት ደኑን ዙሪያውን በግንብ አሳጠረው። የፊሊፕ የልጅ ልጅ ሉዊ 9ኛ፣ በኋላ ቅዱስ የተባለው ንጉሥ፣ በበጋ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ደኑ ወጥቶ፣ ከባሉጥ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ አቤት የሚለውን ሁሉ ያለ አጋፋሪ ይሰማ እንደነበር ወዳጁ ዧንቪል ጽፎልናል። ዋርካ ሥር ሸንጎ ላየ ሕዝብ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ያው ንጉሥ በ1239 ከቁስጥንጥንያ ያስመጣው የእሾህ አክሊል ፓሪስ ከመግባቱ በፊት ያረፈው እዚሁ ቫንሴን ነው። ፊሊፕ 3ኛ በ1274 የብራባንቷን ማሪን ያገባው እዚህ ነው። ሉዊ 10ኛ በ1316፣ ሻርል 4ኛ በ1328 የሞቱት እዚህ ነው። ታላቁን ማማ ያስጨረሰው ሻርል 5ኛም በ1338 የተወለደው እዚሁ ነው። ሰው በወህኒ ቤት ሠርግ አይደግስም።

እስር ቤትነቱ የመጣው ማማው ካለቀ መቶ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ነው፤ ነገሥታቱ ምቹ ቤት ሲያገኙ ወፍራሙን ግድግዳ ለእስረኛ ተዉት። ያኔም ቢሆን የማንም እስር ቤት አልነበረም። መሳፍንትን፣ ካርዲናሎችን፣ የገንዘብ ሹማምንትንና አፋቸውን መሰብሰብ ያቃታቸውን ጸሐፊዎች ነበር የሚቀበለው። የቦፎር መስፍን በ1648 በጰራቅሊጦስ ሰሞን በገመድ ወርዶ አመለጠ። የሉዊ 14ኛ የገንዘብ ሹም የነበረው ፉኬ፣ ከአብዮቱ ታላላቅ ተናጋሪዎች አንዱ የሆነው ሚራቦ፣ ስሙ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረው ማርኪ ደ ሳድ ሁሉም እዚህ ታስረዋል።

ፈላስፋው ዲደሮም ታስሯል፤ የእርሱ እስር ግን በታሪክ ውስጥ ሌላ በር ከፈተ። ስለ ዓይነ ስውራን በጻፈው ጽሑፍ ሰበብ በጁላይ 24 ቀን 1749 ተይዞ መጀመሪያ በማማው ውስጥ ተቆለፈበት፤ ቆይቶ በግቢው እንዲንቀሳቀስና ሰው እንዲቀበል ተፈቀደለት። ወዳጁ ዣን ዣክ ሩሶ ሠረገላ የሚከራይበት ገንዘብ ስላልነበረው ሊጠይቀው ከፓሪስ በእግሩ ይመላለስ ነበር። አንድ ቀን በዚያ መንገድ ላይ ጋዜጣ እያነበበ ሲሄድ የዲዦን አካዳሚ ያወጣውን የድርሰት ውድድር ጥያቄ አየ፤ የሳይንስና የጥበባት መታደስ ምግባርን አጥርቷልን? የሚል። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ እንዳለቀሰና ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሌላ ሰው እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ያሸነፈበት መልስ ስሙን በመላው አውሮፓ አስጠራው። እስረኛ ጥየቃ ባይኖር ኖሮ ምናልባት የምናውቀው ሩሶ ባልኖረም ነበር። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ መንገዱ ግን ዛሬም አለ፤ በአውቶቡስም ይኬድበታል።

«የባስቲል መንትያ» የሚለው አባባልም አንድ ቀላል ነገር ይዘነጋል። የቫንሴን እስር ቤት የተዘጋው በ1784 ነው፤ ባስቲል ከመወሰዱ አምስት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ሳድን ከቫንሴን አውጥተው የወሰዱት ወደ ባስቲል ነበር። መንትያ ከሆኑ አንዱ ሥራ ሲለቅ ሌላው ገና በሥራ ላይ ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ፣ የፈሪ ንጉሥ መደበቂያ የሚለው፣ ግማሽ እውነት አለበት፤ ያናደደኝም እርሱ ነው። ግማሽ እውነት ከሙሉ ሐሰት ይልቅ ለማረም ያስቸግራል። ፍርሃቱ ነበር። በ1356 ንጉሥ ዣን 2ኛ በፗቲዬ ጦርነት ለእንግሊዞች ተማረከ፤ አገሩ በአልጋ ወራሹ በወጣቱ ሻርል ጫንቃ ላይ ወደቀ። በፌብሩዋሪ 22 ቀን 1358 የፓሪስ ነጋዴዎች አለቃ ኤትየን ማርሴል ከብዙ ሕዝብ ጋር ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ገብቶ የወጣቱን ሁለት ማርሻሎች በፊቱ አስገደለ። ከዚያ የፓሪስን ቀለም የያዘውን ቀይና ሰማያዊ ቆቡን አውልቆ በአልጋ ወራሹ ራስ ላይ ደፋለት። የሃያ ዓመት ልጅ ይህን አይቶ ፓሪስ መሀል መተኛት ቢሰለቸው ማን ይፈርድበታል?

እስቲ ደግሞ የሠራውን እንየው። ማማው በ1361 ገደማ በአባቱ ዘመን ተጀምሮ በእርሱ ዘመን በ1370 አካባቢ አለቀ። ከፍታው 50 ሜትር ያህል ነው፤ የግድግዳው ውፍረት ከሦስት ሜትር ይበልጣል። በስድስት ፎቅ ተከፍሎ በየፎቁ መሀል አሥር ሜትር በአሥር ሜትር የሚሆን አዳራሽ አለ፤ በአራቱ ማዕዘን ደግሞ ክብ ክብ ማማዎች ተጣብቀውበት በውስጣቸው ትናንሽ ክፍሎችን ይዘዋል። የታችኞቹን ጣሪያዎች የሚሸከም አንድ ቀጭን ዓምድ መሀል አዳራሹ ላይ ቆሟል። ጣሪያው በእንጨት ተለብጦ ነበር፤ ዛሬም የሚታየው ከባልቲክ ባሕር አገሮች የመጣ የባሉጥ ጣውላ ነው። ለመደበቅ ብቻ የሚፈልግ ሰው ጣሪያውን ለማልበስ ከባልቲክ ጣውላ አያስመጣም። ምድጃ አለው፣ መጸዳጃ አለው፣ የንጉሡ መኝታ ክፍል አለው፣ ከማማው ፊት ባለው በር ቤት ላይ ደግሞ የንጉሡ የጽሕፈት ክፍል አለው።

ከዚያም በላይ አለ። ከ1372 እስከ 1380 ባሉት ዓመታት ሻርል ዙሪያው ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ባለ አራት ማዕዘን ቅጥር፣ ዘጠኝ ረጃጅም ማማዎች ያሉት፣ ሰፊ ቦይ የከበበው ግንብ አቆመ። የዙሪያ ማማዎቹ እያንዳንዳቸው መኖሪያ ክፍሎች ነበሯቸው። ሕይወቱን የጻፈችው ክርስቲን ደ ፒዛን ንጉሡ በዚያ የታጠረ ከተማ ሊያቆምና ወዳጆቹን በየቤታቸው ሊያሰፍርበት አስቦ እንደነበር ትናገራለች። በጃንዋሪ 1378 አጎቱ የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት ሻርል 4ኛ ከፕራግ ሲመጣ ያስተናገደው እዚህም ነው። በ1379 ደግሞ የሉዊ 9ኛን የፓሪስ ቤተ ጸሎት አምሳያ በግቢው መሀል አስጀመረ። ሲጠቃለል ይህ ሰው የሠራው ሁለተኛ መናገሻ ከተማ ነበር። ፍርሃት አስጀመረው እንበል፤ ያስጨረሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ጸሐፊው አንድ ማማ አይተው ቅጥሩን አላዩም፤ ይህ ደግሞ እንዴት እንደሚቻል አይገባኝም፤ ከሜትሮው የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ቅጥሩ ነውና።

ሻርል ሐሳቡን ሳያደርስ በ1380 ከዚያው ደን ጫፍ ባለ ሌላ ቤቱ ሞተ። ቤተ ጸሎቱ 172 ዓመት ቆይቶ በ1552 በሄንሪ 2ኛ ዘመን ተመረቀ። እግረ መንገዴን ልንገር፦ የፓሪሱ ቤተ ጸሎት ሁለት ደርብ ሲሆን የቫንሴኑ አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የገባ ሰው ዓይኑ ሳይከለከል ከወለል እስከ ጣሪያ ይሄዳል። ለእኔ የቫንሴኑ ይበልጥብኛል። የሚስማማ አላገኘሁም።

ማማዎቹን አብዮተኞች አፈረሷቸው የሚለው ሦስተኛው ነጥብ በቀላሉ የሚታረም ነው። አብዮተኞቹ ሞክረዋል እንጂ አላፈረሱም። በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1791 ታላቁ ማማ ዳግም ወህኒ ሊሆን ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ፣ ከሴንት አንቷን ሰፈር የተነሣ ሕዝብ በቢራ ጠማቂው በሳንቴር መሪነት መዶሻና መጥረቢያ ይዞ መጣ። ማፍረስም ጀምሮ ነበር። የብሔራዊ ዘቡ አዛዥ ላፋዬት ከዘቡ ጋር ደርሶ በተነው። እንዲያውም ከአብዮተኞቹ በፊት ግንቡ እንዲሸጥ ወይም እንዲፈርስ በ1788 ያዘዘው ንጉሡ ሉዊ 16ኛ ራሱ ነው፤ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ወጪ ለመቀነስ። የዙሪያ ማማዎቹ የተቆረጡት በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ በናፖሊዮን ዘመንና ከዚያ ወዲያ ባሉ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው፤ የቆረጣቸውም በግንቡ ውስጥ የሰፈረው የገዛ አገሩ ጦር ነው። ግቢው የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሆኖ ነበርና ረጅም ማማ ለመድፍ ዘመን አልተመቸም። አንዱ ብቻ፣ የመግቢያው «የመንደር ማማ» የሚባለው፣ ወደ 42 ሜትር ከሚሆነው ሙሉ ቁመቱ ጋር ቀረ። የቀሩት ከቅጥሩ ጋር እኩል ሆኑ። አንዱን ከሌሎቹ ጋር ያነጻጸረ ሰው የጠፋው ምን ያህል እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

«ከቬርሳይ ወዲህ የረባ ነገር አልተደረገም» ወደሚለው ደረስን። ይህን ዐረፍተ ነገር ሳነብ ቡናዬን አስቀምጬ ተነሣሁ።

ከቬርሳይ በፊት ባለው ልጀምርና ልለፍ፦ የወጣቱ ሉዊ 14ኛ ዋና ሚኒስትር ካርዲናል ማዛራን የቫንሴን ገዥ ሆኖ መሐንዲሱን ሉዊ ለ ቮን አስመጥቶ ከ1654 ጀምሮ የንጉሡንና የንግሥቲቱን ሕንጻዎች ትይዩ አሠራ፤ በ1661 የሞተውም በዚያው ነው። ንጉሡ በ1682 ጠቅልሎ ቬርሳይ ገባ። እሺ። ከዚያስ?

ከዚያ በ1740 ከግንቡ ማማዎች በአንዱ ጥቂት ሠራተኞች ሸክላ ማቃጠል ጀመሩ። የቻይናን የመሰለ ነጭ ሸክላ፣ በላዩ ላይ አበባ የተሳለበት። ድርጅቱ በ1756 ወደ ሴቭር ተዛወረ፤ ሴቭር ዛሬ በዓለም የታወቀ የፖርሴሊን ስም ነው። የተወለደው ግን ጸሐፊው «ምንም» ባሉት ዘመን፣ ምንም ባሉት ግቢ ውስጥ ነው። ዲደሮና ሩሶም የዚሁ ዘመን ሰዎች ናቸው።

በ1796 ግንቡ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሆነ። በ1804 ያየው ነገር ደግሞ ከግንቡ ታሪክ ሁሉ የከፋው ነው ብል አላጋነንሁም። ናፖሊዮን፣ ገና ቀዳሚ ቆንስል ሳለ፣ የቀድሞው ንጉሣዊ ቤት ልዑል የሆነውን የአንጊያንን መስፍን በራይን ማዶ ከነበረበት ከባደን ምድር አስጠልፎ አስመጣ። በማርች 20 ማታ ቫንሴን አደረሱት፤ ሌሊቱን ወታደራዊ ችሎት ተሰየመበት፤ ጎሕ ሳይቀድ በቦዩ ውስጥ አስቀድሞ ከተቆፈረ መቃብር አጠገብ ረሸኑት። የ31 ዓመት ሰው ነበር። በኋላ ነገሥታቱ ሲመለሱ አጥንቱን አውጥተው በቤተ ጸሎቱ ውስጥ አሳረፉት፤ መቃብሩ አሁንም እዚያው ነው። በቦዩ ውስጥም የወደቀበትን ቦታ የሚያሳይ ድንጋይ ቆሟል።

ዶሜኒልን የማያነሣ የቫንሴን ታሪክ የለም። በዋግራም ጦርነት በ1809 አንድ እግሩን ያጣ ጄኔራል ነው፤ ናፖሊዮን የቫንሴን አዛዥ አደረገው። በ1814 የተባበሩት ነገሥታት ጦር ፓሪስ ሲገባ ግንቡን እንዲያስረክብ ጠየቁት። «መጀመሪያ እግሬን መልሱልኝ፤ ያኔ ቫንሴንን አስረክባችኋለሁ» ብሎ መለሰላቸው ይባላል። ቃሉ ቢጋነንም ባይጋነንም ግንቡን ለውጭ ጦር አላስረከበም፤ በዓመቱ ናፖሊዮን ዳግም ሲወድቅም እንዲሁ። የእንጨት እግሩ በፓሪስ ሕዝብ አፍ ላይ ቀረ፤ ስሙን የያዘ ጎዳናና የሜትሮ ጣቢያም አለ።

ከፓሪስ ኮሚዩን፣ ማለትም በ1871 በፓሪስ ከተነሣው አመፀኛ የከተማ መንግሥት፣ ይዞታዎች የመጨረሻው ሆኖ በሜይ 29 ቀን 1871 እጁን የሰጠውም ቫንሴን ነው። በ1940 ጀርመን ፈረንሳይን ስትወርር ጠቅላይ አዛዡ ጄኔራል ጋምላን ዋና መምሪያውን ያደረገው በዚሁ ግንብ ነበር፤ የራዲዮ መገናኛ እንኳ ያልነበረው መምሪያ ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይተቻል። በእኔ አስተያየት የ14ኛው መቶ ዘመን ግድግዳ የ20ኛውን መቶ ዘመን ጦርነት ለመምራት መመረጡ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ይህ ግን የግንቡ ጥፋት አይደለም።

በኦገስት 1944 ፓሪስ ነጻ ልትወጣ ቀናት ሲቀሯት ጀርመኖች የተቃውሞ ታጋዮችን በቦዩ ውስጥ ረሸኑ። በኦገስት 24 ቀን ሲወጡ ደግሞ ያከማቹትን ጥይትና ፈንጂ አቃጠሉ፤ ለ ቮ የሠራው የንጉሡ ሕንጻ ከባድ ጉዳት ደረሰበት፤ የንግሥቲቱም ተነካ። ዛሬ ቀጥ ብሎ ቆሞ የሚታየው ሕንጻ ከዚያ ፍንዳታ በኋላ የተጠገነ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጸሐፊው ቢያውቁት ይገርማቸዋል ብዬ አስባለሁ። ጄኔራል ደ ጎል ፕሬዚዳንት ሳሉ የኤሊዜ ቤተ መንግሥት አልወደዱትም ነበርና ጽሕፈት ቤታቸውን ወደ ቫንሴን ስለማዛወር አስበው ነበር። ሐሳቡ ቀረ። የአንድ ጠንቃቃ ንጉሥ የ14ኛው መቶ ዘመን እቅድ ግን በ1960ዎቹ የአንድ ጄኔራል ጠረጴዛ ላይ ዳግም ተዘርግቶ ነበር።

ማታ ሃሪን በተመለከተ አጭር ልሁን። የተረሸነችው በኦክቶበር 15 ቀን 1917 ማለዳ ነው፤ ቦታው ከግንቡ ወጣ ብሎ በደኑ በኩል ያለው የጦሩ መተኮሻ ሜዳ ነው። በቦዩ የወደቀው የአንጊያን መስፍን ነው፤ ሁለቱን ሞቶች አንድ ጸሐፊ ቀላቅሎ ከጻፈ ሌላው ይገለብጣል፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ወደ ዛሬው እንምጣ። «ታድሶ አዲስ የሆነ ድንጋይ» ይላሉ። ታላቁ ማማ መሰንጠቅ ስለ ጀመረ በ1995 ለጎብኚ ተዘግቶ እስከ 2007 ድረስ አሥራ ሁለት ዓመት ተጠገነ። በዲሴምበር 1999 ፈረንሳይን የመታው ማዕበል ደግሞ የቤተ ጸሎቱን የቀለም መስኮቶች ሰባበረ፤ እነርሱም ዓመታት የወሰደ ጥገና ተደረገላቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን የተሰነጠቀን ማሰርና አዲስ መሥራት አንድ አይደሉም። በጥገናው ወቅት የ14ኛው መቶ ዘመን ግንበኞች በድንጋዩ ውስጥ የብረት ዘንጎችን ቀብረው ግድግዳውን አስረው እንደነበር በሰፊው ተጠንቷል፤ ዛሬ በኮንክሪት ውስጥ ብረት የሚቀብር ግንበኛ ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ፣ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት። አዲስ ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ይህ ከየት ይገኝ ነበር?

ለማነጻጸር ደግሞ በሰሜን ፈረንሳይ ያለውን ኩሲን ያስቡ። የኩሲ ማማ ከቫንሴን ይረዝም ነበር፤ 54 ሜትር ገደማ። በ1917 የጀርመን ጦር ሲያፈገፍግ በፈንጂ አፈነዳው፤ ዛሬ የድንጋይ ክምር ነው። ከመካከለኛው ዘመን የቀሩት የአውሮፓ ምሽጎች ዋና ማማዎች ቁንጮ የሚለው ማዕረግ ለቫንሴን የተረፈው በዚህ መንገድ ነው።

ለምን ተረፈ ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ እኔ የማምነውን ልናገር። ያዳነውም የጎዳውም ሥራው ነው። ባስቲል ሲፈርስ ከእስር ቤትነት ሌላ ሥራ አልነበረውም። ቫንሴን ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይፈልገው ነበር፤ አዳኝ፣ ንጉሥ፣ ወህኒ ጠባቂ፣ ሸክላ ሠሪ፣ መድፈኛ። መድፈኛው ማማዎቹን ቆረጠ፤ ያው መድፈኛ ስለሰፈረበት ግን የድንጋይ ነጋዴ አልገዛውም። ፎቶግራፍ የሚያምርበት ግንብ ያላደረገውም ይኸው ነው፤ ጸሐፊው የለመዱት ዓይነት የተረት ቤተ መንግሥት አይደለም።

ዛሬስ ምን ይሠራል? ማማውንና ቤተ ጸሎቱን የፈረንሳይ ብሔራዊ ቅርሶች ማዕከል ያስጎበኛል። የለ ቮ ሕንጻዎች ውስጥ ደግሞ የመከላከያ ሚኒስቴሩ የታሪክ አገልግሎት፣ የጦሩ ቤተ መዛግብት፣ አለ። ከመላው ዓለም ተመራማሪዎች ይመጣሉ፤ አያታቸው የት እንደ ተዋጋ ሊያዩ የሚመጡ ተራ ሰዎችም ብዙ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተቃውሞ ትግሉ የተሳተፉ ሰዎች የግል መዝገብ ብቻ ከ600 ሺህ በላይ እዚያ ተቀምጧል። አንድ ጊዜ በበሩ ሳልፍ አንዲት አሮጊት በፕላስቲክ የተከተተ ፎቶግራፍ ይዘው ለጥበቃው መዝገብ ቤቱ የት ነው ሲሉ ሰማሁ። ጀርመኖች ፈንጂ ያፈነዱበት ሕንጻ ዛሬ የታጋዮቹ ስም የሚፈለግበት ሕንጻ መሆኑን እርሳቸው ያውቁ ይሆን ብዬ አሰብሁ፤ መጠየቅ ግን ነውር መሰለኝ።

አሁን ልክ የሆኑበትን ልመስክር። የማማው ክፍሎች ባዶ ናቸው የሚሉት እውነት ነው፤ ቬርሳይን አይቶ የመጣ ሰው ወርቅና መስታወት ጠብቆ ድንጋይና ጥላ ያገኛል። በክረምት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የቤተ ጸሎቱ ውስጥም ከጥቂት ነገር በቀር ባዶ ነው። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ሰው ከማማው በላይ ከደቡቡ በር አጠገብ ያለው የአበባ መናፈሻ ይሻለው ይሆናል፤ ልጆቼን ብትጠይቁ ይህንኑ ይሉ ነበር። እስር ቤቱ ጨካኝ አልነበረም ለማለትም አልፈልግም፤ ያለ ፍርድ በንጉሥ ደብዳቤ ብቻ ዓመታት የተቆለፈበት ሰው መሳፍንት ሆነ ተራ ሰው ያው ነው።

ሜትሮው መጨረሻው ሳይደርስ ውረዱ ስለሚለው ምክር ግን፦ የመጀመሪያው መሥመር በ1934 እስከ ግንቡ በር ድረስ የተዘረጋው ለዚሁ ነው። የመጨረሻው ፌርማታ ስሙም «ሻቶ ደ ቫንሴን» ነው። ጣቢያውን ወጥታችሁ ደረጃውን ስትጨርሱ ያልተቆረጠው የመንደር ማማ ፊት ለፊታችሁ ነው። ቅጥሩን በስተ ውጭ በእግር ለመዞር ትኬት አያስፈልግም። ወደ ቦዩ ቁልቁል እያዩ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው በግማሽ ሰዓት ዞሮ ይመለሳል።

የቀረችው «ጊዜ የቆመበት ስፍራ» የምትለው ቃል ናት። ወደ ታላቁ ማማ የሚያስገባውን በር ቤት ቀና ብለው ቢያዩ ኖሮ በላዩ የተሰቀለ ደወል ያዩ ነበር። ሻርል 5ኛ በ1369 ያስቀረጸው የሰዓት ደወል ምትክ ነው፤ ከፈረንሳይ የመጀመሪያዎቹ የአደባባይ ሰዓቶች አንዱ የነበረ። ዋናው ደወል ስላረጀ ወርዶ ይህ አምሳያው የተሰቀለው በ2000 ነው።